ለእንግዳ የተደፈነው ቦረቦር

የእናቴ ወንድም ከገጠር ወደ እኛ የሚመጣው እህል ሊሸጥ ነበር። አባቴ እህል በረንዳ መጋዘን ስለነበረው ጤፉን እዚያ አራግፎ፣ እኛ ቤት አድሮ ይመለሳል። አንድ ዓመት በበጋ ግን ለሌላ ጉዳይ መጣ። ከማሳው ግርጌ ጎርፍ ቆርሶ የጀመረው ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ ወደ አውድማው ተጠግቶበታል። መንግሥት ለገበሬ ችግኝና እርከን የሚያሠራ ባለሙያ ይሰጣል ሲባል ሰምቷል፤ የት እንደሚጠየቅ ግን የሚነግረው አላገኘም።

ከአባቴ ኩሊዎች አንዱ ይህን ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ መንግሥት መሬት መስፋት ጀመረ እንዴ?» አለው።

«ቢሰፋስ? አንተ ጆንያ ትሰፋ የለም?» አለ አጎቴ።

እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። በየበሩ የተጻፈውን እንዳነብለት ይዞኝ ሄደ። መጀመሪያ የገባንበት የግብር ቢሮ ሆነና አጎቴ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። የእርሻውን መሥሪያ ቤት ያገኘነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሹሙ ጉዳዩን አዳመጠና ከወረዳው ከተማ ባለሙያ ሄዶ ቦታውን እንደሚያይ ነገረው።

መስከረም ላይ አጎቴ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ባለሙያው ከክረምቱ በፊት መጥቶ ነበር። የመንግሥት እንግዳ ይመጣል ሲባል ጎረቤቶቹ በደቦ ወጥተው፣ የእንግዳው በቅሎ እንዳትሰናከል ቦረቦሩን በቅርንጫፍና በአፈር ደፍነው፣ ላዩን ሣር ጎዝጉዘው ጠበቁት። ባለሙያው በላዩ አለፈ፣ ምሳ በላ፣ ከዚያ «ቦረቦሩ የታለ?» አለ። አጎቴ በኩራት አሳየው።

«ከደፈናችሁት እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?» ብሎ ሄደ።

አባቴ እስኪያለቅስ ሳቀ። «ሐኪም ሲመጣ ቁስልህን ሸፍነህ ጠበቅኸው?»

«ታዲያ እንግዳዬ ገደል ይግባ?» አለ አጎቴ።

ወደ ሹሙ ተመልሰን ሄድን። ሹሙ አልሳቀም።

«የደፈናችሁትስ?»

«የመጀመሪያው ዶፍ ጠርጎ ወሰደው ጌታዬ። አሁን የአውድማውን ጠርዝ ነክቷል።»

«ባለሙያው እንደገና ሲመጣ ቦረቦሩን እንዳለ ተዉት።»

«ሣርም አንጎዝጉዝ?»

«ቤት ውስጥ ጎዝጉዙ።»

አውቶቡስ ተራ ስሸኘው፣ «ሰውን ጠርቶ ገደል አፋፍ ማቆም ደግ አይደለም» አለኝ።

በሌላው ዓመት ጤፍ ጭኖ መጣ። አባቴ ዋጋ ከማንሳቱ በፊት የአውድማውን ነገር ጠየቀው።

«አውድማው አለ። ባለሙያው ቦረቦሩ ውስጥ ሲወርድ እኔ የበቅሎዋን ልጓም ይዤ ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ። እሱ ግን እየለካ ነበር፣ አልሰማኝም።»

እርከኑን የሠሩት እነዚያው የደቦው ሰዎች ናቸው፤ ችግኙም በክረምት ተተከለ። ከማሳው ግርጌ ተቆርጦ የሄደው መሬት አልተመለሰም። አጎቴ ያመጣልንን ጤፍ ግን የወቃው በዚያው አውድማ ላይ ነበር።