አልለቅ ያለው ማስቲሽ

ባለፈው ሳምንት ግሽ አባይ አካባቢ ካለ ጋራዥ የመኪናዬን የፊት መስታወት አስቀየርሁ። ሠራተኛው የማስቲሹን ቱቦ አፍ በምላጭ ሲቆርጠው ያ የሚሰነፍጥ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ሳላውቀው ሁለት እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ። ከአርባ ዓመት በላይ አልፎም እጄን እደብቃለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔና ጓደኛዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ያስተማረን ፈረንጅ አገሩ ሲገባ፣ ገጣጥሞ ሊሠራት ያስመጣትን መኪና በየሣጥኗ እንዳለች ለጓደኛዬ ትቶለት ሄደ፤ ከፋይበር የተሠራ አካል፣ መስታወቶች፣ ጥቁር ማስቲሽ በቱቦ። ሞተሩን ከአሮጌ ቮልስ አወጣን። ጣና ሐይቅ ዳር ባለው በጓደኛዬ ቤተሰብ ግቢ፣ ዋርካው ሥር፣ ስንገጥም ስንፈታ ከረምን። ያ ቀላል አካል ጎማ ሳይኖረው ሲያዩት፣ የሰፈሩ ሰዎች «ጣናን ልትሻገሩባት ነው?» እያሉ ይስቁብን ነበር። እኛም እንስቅ ነበር፤ ደስተኞች ነበርን።

ማስቲሹ ግን ክፉ ነበር። ቆዳ ላይ ከደረቀ በሳሙናም አይለቅም፤ የሚያስለቅቀው ቤንዚን ብቻ ነው፤ ቤንዚን ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። የመጨረሻውን መስታወት የገጠምን ዕለት፣ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስታዘቀዝቅ፣ የሁለታችንም ጣት ጠቁሮ ነበር። ጠርሙስ ውስጥ የቀረችን ቤንዚን ለአንድ ሰው ብቻ ትበቃለች። እኔ ከአንዲት ልጅ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ።

«አንተ ታጠብባት» አለኝ እየሳቀ። «በዚህ እጅህ ከጨበጥሃት ተጣብቃችሁ መቅረታችሁ ነው!»

ጨርቁን ነክሬ ጥፍሬ ሥር ሳይቀር ፈተግሁ። እሱ በአሸዋ ቢያሸው ቢያሸው እንቢ አለው።

በማግሥቱ ጧት ቀበሌው ወጣቱን ሁሉ ሜዳ ላይ አሰለፈ። የመንግሥት ተቃዋሚዎች ወረቀት በየግድግዳው ተለጥፎ አድሯል። ጠብመንጃ ያነገተ ዘብ «እጅህን ዘርጋ!» እያለ የሙጫ ምልክት ይፈልጋል። የእኔን አገላብጦ አይቶ አለፈኝ። ከጎኔ ጓደኛዬ ነበር።

«ይህስ?»

«የመኪና ማስቲሽ ነው ጓድ፤ መስታወት ስገጥም ነው።»

«ማን ይመሰክርልሃል?»

ጓደኛዬ ወደ እኔ አልዞረም። «ማንም» አለ።

ወረቀት የሚለጠፈው በዱቄት ሙጫ እንደሆነ፣ እሱም በውኃ እንደሚለቅ ማን ያጣዋል? «መኪናዋን ሂዱና እዩ፤ አብሬው ነበርሁ» የሚል አንድ ሰው ይበቃው ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል፤ ለምን ታጠብህ ቢሉኝስ? ሁለት እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ። ዓይኔ እያየ ይዘውት ሄዱ።

እናቱ ስንቅ ሲያመላልሱ መንገድ ላይ ያገኙኛል። «አንተስ ደኅና ነህ፣ ልጄ?» ይሉኛል። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ መፈታቱን ሰማሁና ሮጥሁ። መኪናዋ አጠገብ ዋርካው ሥር ተቀምጧል። ይሰድበኛል ብዬ ቆሜ ስጠብቅ፣ እጆቹን ዘረጋልኝ። ንጹሕ ነበሩ። የሁለት ጣቶቹ ጥፍር ግን የለም።

«አየህ፣ ለቀቀ» አለኝ፤ ፈገግ ሊል እየሞከረ።

እኔ ለእሱ ለምኜ ያመጣኋትን አንድ ጠርሙስ ቤንዚን ከጀርባዬ ደበቅሁ።