ከበሮውን ለማን ሰጠሽው?

ሙዚቃ ከስልክ ሲሰማ ለኔ ሙዚቃ አይደለም፤ የሙዚቃ ወሬ ነው። ይህን ስል ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ልጃገረዶች ይስቁብኛል። ይሳቁ! እኔ ሙዚቃ የምለው ዘፋኙ ፊቴ ቆሞ ላብ በላብ ሲሆን፣ ከበሮው ደረቴ ውስጥ ገብቶ ሲመታኝ ነው። ጭሮ ውስጥ መድረክ ሊተከል ነው ከተባለ የስፌት መኪናዬን ጨርቅ አልብሼ እወጣለሁ። ሂርና ሠርግ ላይ ባንድ አለ ካሉኝ «የሙሽሪትን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ» ብዬ እገባለሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። ገለምሶ ድረስም ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ የሰው ጫት ተጭኖብኝ ሄጃለሁ፤ ስመለስ ወገቤ ቢቆረጥም አንድ ቀን አልተቆጨሁም።

የምቀመጠው ሁልጊዜ ከበሮ መቺው አጠገብ ነው። ዘፋኙን ሌላው ይየው። ጎበዝ ከበሮ መቺ እጁን ያነሳና ሳያወርደው ትንሽ ይቆያል። ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል። ሲያወርደው «አቦ!» እላለሁ፣ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ። አንድ ጊዜ ሂርና ላይ አንዱ ከበሮ መቺ ዘፈኑ ሲያልቅ ዞር ብሎ «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» ብሎኛል።

እንግዲህ ጉዴን ልናገር። ለማላውቀው ሰው ከበሮ እንዲህ የማብደው ሴትዮ፣ የገዛ እናቴ ከበሮ ስትመታ ግን በሃፍረት የምሞት ልጅ ነበርኩ።

እናቴ የሠርግ ቤት ከበሮ መቺ ነበረች። ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ክፍል መሃል ትቀመጣለች፣ ከበሮዋን ጭኗ ላይ ታደርጋለች፣ ግጥሙን ታወጣለች፣ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ይቀበሏታል። በዘመኗ ከአሰበ ተፈሪ፣ ከዛሬዋ ጭሮ፣ እስከ ገለምሶ እሷ ያልዳረቻት ሙሽራ ብትኖር ጥቂት ናት ይላሉ። ከበሮውን በኦሮምኛ «ዲቤ» ነው የምትለው፤ አማርኛ ስታወራም ዲቤ ዲቤ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ የመጣው ከዚያ ዲቤ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ክፍል ውስጥ «የከበሮ መቺዋ ልጅ!» እያሉ ዴስክ ሲደበድቡብኝ፣ የምናደደው በእሷ ነበር። ሠርግ ቤት ይዛኝ ስትሄድ በር ላይ ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ እቆማለሁ። የሌላው ልጅ እናት ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ልብስ ታጥባለች፤ ምናለ የኔም እንደ ሰው ብትሆን እል ነበር።

ልጅነት ነው እንዳልል፣ የኔ ከልጅነትም አለፈ። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የራሴን ሱቅ ከፍቼ፣ ደንበኞች «እናትሽ ያቺ ከበሮ መቺዋ አይደለች?» ሲሉኝ «ኧረ እሷ ታጨበጭብ ነበር እንጂ!» እል ነበር። ስንት ዓመት እንዳልኩት አላውቅም። ምላሴ ለመደው።

አምና ከተማችን ውስጥ አንድ አዳራሽ የባህል ሙዚየም ሊሆን ነው ተባለ። ግድግዳውን በሥዕል እንድትሞላ የተመረጠችው የሱቆቻችንን ታፔላ የምትጽፍ ሴት ናት፤ ሠላሳ ምናምን ዓመቷ ቢሆን ነው፣ ጸሎት ቤቷ ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር ትዘምራለች፣ ረጋ ያለች ናት። የኔንም ታፔላ የጻፈችው እሷ ናት። አንድ ጠዋት ሱቄ መጥታ የድሮ ሠርግ ፎቶ ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከሣጥን አውጥቼ ሰጠኋት።

ፎቶው ውስጥ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዝናብ ገብቶበት መሃሉ ነጥቷል። እናቴ ተቀምጣለች፣ እጆቿ ስለፈጠኑ ጭጋግ መስለዋል፣ ከበሮው ፊቷ አለ። አጠገቧ ጎረቤታችን የነበሩ ሰውዬ ጎንበስ ብለው የከበሮውን ጠርዝ ይዘዋል። ከኋላዋ ደግሞ የእናቴ ነጠላ ውስጥ ፊቷን የደበቀች ልጅ አለች። እኔ ነኝ። ፎቶ አንሺው «አንቺ ልጅ፣ ቀና በይ!» ሲለኝ ጭራሽ ተወሸቅሁ።

«ከበሮውን የሚመታው ማነው?» አለችኝ ሠዓሊዋ።

«ሰውዬው ናቸው» አልኩ። «እናቴ ታጨበጭባለች።»

አፌን በቆረጠው! ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልሰደበኝም። የለመደ ምላስ ነው። እሷ አመስግና ሄደች፤ እኔም የጀመርኩትን ቀሚስ ወደ መቀምቀም ተመለስኩ።

ለምርቃቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሠዓሊዋ ሥዕሉን ልታሳየኝ ጠራችኝ። በሩን እንዳለፍኩ እግሬ ቆመ። ወላሂ! ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ እኛ ነን። ማሽላው ደርሷል፣ ገበያው ደርቷል፣ ሴቶቹ ጫታቸውን በቅጠል ሸፍነው ተቀምጠዋል። ባጃጅ እንኳ አለ፤ ሹፌሩ ጎማ ሲቀይር ተሳፋሪዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆጣዋለች። ሸጎዬ የሚጨፍሩት ወጣቶች አንገታቸው የሚወዛወዝ ነው የሚመስለው፤ ቀለም መሆኑን እያወቅሁ የኔም አንገት አብሮ መሄድ ጀመረ። ደግሞ እኔ በጨርቅ አልታለልም፣ እንጀራዬ ነው። የድሪያው፣ የዚያ ሰፊ ስስ ቀሚስ፣ እጥፋት የቱ ጋ እንደሚወድቅ፣ ሻሹ የቱ ጋ እንደሚንሸራተት፣ አንድም ቦታ አልሳተችም።

«ይህን ሁሉ ጨርቅ ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«እርስዎ ነዎታ እትዬ! ታፔላዎን ስጽፍ ሦስት ቀን ሙሉ በመስኮት ሳይዎት አልነበር?»

ግንባሯን ሳምኳት። ሰው እንዲህ በዓይኑ ብቻ ሌላው ያላየውን ሲለቅም ማየት ደስ ይላል፤ ደስ ብቻ አይደለም፣ ያስቀናል። እንዲያ እየፈነደቅሁ ግድግዳውን ተከትዬ ስሄድ ሠርጉ ጋ ደረስኩ።

መሃል ላይ ሰውዬው ከበሮ ታቅፈው ተቀምጠዋል። እናቴ ከኋላ፣ ከአጨብጫቢዎቹ መሃል፣ አራተኛዋ ናት። ልጅቷ ጭራሽ የለችም።

እናቴ ሰባ ምናምን ዓመቷ ነው። ድምፅዋን የቀረጸው ሰው የለም። የዳረቻቸው ሙሽሮች ዛሬ አያት ሆነዋል፣ የሞቱትም ሞተዋል። ከከበሮዋ ለነገ የሚተርፍ ነገር ቢኖር ይህ ግድግዳ ነው፤ እሱንም እኔ ለሌላ ሰው ሰጠሁባት። የባሰው ደግሞ፣ ሠዓሊዋ ሳታውቅ፣ አዘጋጆቹ ለምርቃቱ ከአንድ የሙዚቃ ባንድ ጋር እንድትመታ የጋበዙት ራሷን ነው። መጥታ በዓይኗ ልታየው ነው። «ተሳስቼ ነው፣ አስተካክዪው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ «ማሻአላህ» ብቻ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቀሚስ ሰፍቼ ፈታሁ፣ ሰፍቼ ፈታሁ።

የምርቃቱ ቀን ጠዋቱ ጭጋግ ነበር። ሥዕሉ በመጋረጃ ተሸፍኗል፣ ኦርጋኑ ተሰክቷል፣ እንግዶቹ ወንበር ወንበራቸውን ይዘዋል። እናቴ ከበሮዋን መታ አደረገችና ፊቷን አጨማደደች።

«ብርድ ገብቶበታል፣ ቆዳው ላልቷል። ፀሐይ ካልሞቀ አልመታም።»

«እማማ፣ እንግዶች እየጠበቁ ነው» አለ አስተባባሪው። «ግድ የለም፣ ማይክራፎን እናቀርብልዎታለን።»

«ማይክራፎን ቆዳ ይወጥራል?» አለችው።

ከበሮዋን አቅፋ ወጣች፣ ፀሐይ ብቅ ያለችበት ደረጃ ላይ አስቀመጠችው፣ አጠገቡም ተቀመጠች። ሹማምንቱ ከነከረባታቸው ቆዳ ሲሞቅ ጠበቁ። በየመሃሉ በጣቷ ነካ ታደርገውና ጆሮዋን ታስጠጋለች። «ገና ነው።» አስተባባሪው ሰዓቱን ያያል። ደግማ ትነካዋለች። «ገና ነው አልኩ!» ድሮ ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እል ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳቅ ነው የታገለኝ። በመጨረሻ ደህና አድርጋ መታችው፣ ጥርት ያለ ድምፅ መለሰላት። «አሁን ነቃ» አለችና ተነሳች።

ከዚያ የሆነውን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! በባንዱ ሙዚቀኞች መሃል ተቀመጠች። መጀመሪያ ኦርጋኑ ሊመራት ሞከረ፣ ጥላው ሄደች፤ ትንሽ ቆይቶ ገባውና ይከተላት ጀመር። ድምፅዋ በዕድሜ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ግን አንጀት ይበላል። ዘመናዊውን ድራም የሚመታው ያው ሂርና ላይ «አመመዎት እንዴ?» ያለኝ ሰውዬ ነበር፤ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እጆቿን ብቻ ማየት ያዘ። ኋላ የተቀመጡ ሴቶች ሳይጠሩ ተነስተው ግጥሙን ተቀበሏት። ከዚያ እጇን አነሳች። አላወረደችም። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ያቺን ዝምታ ነው እኔ ዕድሜ ልኬን በሚኒባስ ከከተማ ከተማ የማሳድዳት። ለካ እቤታችን ነበረች! እጇን ስታወርደው «አቦ!» ልል ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። አለቀስኩ፣ በቃ።

ጭብጨባው ሳያባራ መጋረጃው ተገለጠ። እናቴ ላቧን እየጠረገች ከዳር ጀምራ ማየት ጀመረች። ማሽላው ጋ ቆማ ሳቀች። ባጃጁን አይታ «ያ ረቢ፣ ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ!» አለች። ሠርጉ ጋ ደረሰች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ መሃል ላይ የተቀመጠውን ሰው እጅ መረመረች።

«ይሄ ሰውዬ ከበሮ ነው የሚመታው ወይስ ዝንብ ነው የሚያባርረው?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም።

«እኔስ የታለሁ?» አለች።

«እዚህ ነዎት እማማ» አለቻት ሠዓሊዋ። «ሲያጨበጭቡ።»

እናቴ ጠጋ ብላ አጨብጫቢዋን ሴት አየቻት። «እኔ?» አለች። «ማን አለሽ?»

ሠዓሊዋ ወደ እኔ ዞረች፣ ፊቴን አየች፣ ነገሩ ገባት። ደግ ሴት ናት። «ፎቶው ደብዝዞ ነበር እማማ፣ የኔ ስህተት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር። ያን ያህል ቀላል ነበር።

«አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ እማ። ታጨበጭባለች ያልኳት እኔ ነኝ።»

እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ከበሮውን ለማን ሰጠሽው?» አለች። «ለእኚህ? እኚህ እኮ ያን ቀን ዲቤዬን ከመኪና አውርደው ያቀበሉኝ ናቸው። አላህ ይርሐማቸው፣ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ግን ማጨብጨብም አይችሉ!»

«አፍሬብሽ ነው» አልኳት። «ልጅ ሆኜም፣ ትልቅ ሆኜም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ከበሮ የሚመታ ሰው ሁሉን ያያል። የሚያጨበጭበውን አያለሁ፣ የሚያዛጋውን አያለሁ። አንቺ በር ላይ ጆሮሽን ይዘሽ ስትቆሚም አይሽ ነበር። አንድ ቀን እጅሽን ታወርጃለሽ እያልኩ ነበር የምመታው።»

ከበሮዋን ተቀብያት ተሸከምኩ። እስከ ቤት ድረስ በከተማው መሃል አቅፌው ሄድኩ፤ ባጃጅ ቆሞ ሲጠይቀንም አልገባሁም።

በሳምንቱ ሠዓሊዋ መሰላሏን መልሳ አቆመች። እናቴ ወንበር አስመጥታ ከሥር ተቀምጣ ታዛለች። ከበሮው ወደ ጭኗ ተመለሰ። ሰውዬው ግን እንዳይጠፉ አለች፤ አራተኛዋ ሴት በነበረችበት ቦታ ቆመው ያጨበጭባሉ፣ እንደማያውቁበት ያስታውቃል። ሠዓሊዋ «እጅዎን እንዴት ላድርገው?» ስትላት «አንስቼው ገና ያላወረድኩትን» አለቻት።

በመጨረሻ ሠዓሊዋ ፎቶውን ደግማ አየችና «ከኋላዎ ያለችውን ልጅ ትቻት ነበር፣ አሁን ላስገባት» አለች። «ፊቷ ስለማይታይ ነው የተቸገርኩት። ፊት ልሥራላት?»

«አስገቢያት» አለች እናቴ። «ፊት ግን አትሥሪላት፣ እንደተደበቀች ትሁን። ሰው ማናት ብሎ ሲጠይቅ» አለችና በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች፣ «ራሷ መጥታ ትናገር።»

ቅጣቴ ይኸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ሙዚየሙ እሄዳለሁ። ያለፈው ቅዳሜ ከገለምሶ የመጡ ባልና ሚስት ግድግዳው ፊት ቆመው ነበር። ሴትዮዋ ሥዕሉን እያደነቀች ቆየችና ለአስጎብኚው «እዚህ ነጠላ ውስጥ የተደበቀችው ልጅ ማናት?» አለችው። እሱ ሳይመልስ እኔ ቀደምኩት።

«እኔ ነኝ!» አልኩ፣ መድረክ ሥር «አቦ!» በምልበት ድምፅ። «የከበሮ መቺዋ ልጅ።»