ያጠፋነው ድምፅ

ቀዶ ሐኪምና መሐንዲስ ለልብ ምርምር አብረው ይሠልጥኑ ሲባል ከእኔ ጋር የተጣመረው መሐንዲስ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንገሸገሸኝ። እኔ ሽቦ መበየድ እንድማር፣ እሱ በሽተኛ ፊት እንዲቆም ተፈረደብን። ደንቡም ሁለታችን ካልተስማማን ማንንም ደህና ነህ ብለን እንዳንሸኝ ነበር።

አብረን የሠራነውን የልብ ማዳመጫ መሣሪያ ቢቸና ጤና ጣቢያ ስንሞክር የጄኔሬተሩ ጉርምርምታ አላሰማ አለን። እሱ የመሣሪያውን ኮምፒውተር ነካ ነካ አደረገ፤ ድምፁ ጥርት አለ። «እሰይ!» አልኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ መውለጃዋ የተቃረበ አንዲት መምህርት ገባች። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥራት ነገረችን። ልቧን በመሣሪያው አዳመጥን፤ ንጹሕ ነው። «እርግዝናው ነው፤ እዚሁ ጤና ጣቢያ ትወልጃለሽ» ብለን ሸኘናት።

በማግስቱ ሞጣ ላይ መሣሪያው ቻርጅ እስኪያደርግ የአንድ ጎልማሳ ልብ በተለመደው የሐኪም ማዳመጫዬ አዳመጥኩ። የልብ ቫልቭ ሲጠብ የሚሰማው ወፍራም ጉርምርምታ ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ። መሣሪያችንን ደረቱ ላይ ሳደርገው ግን ጸጥ! ደገምኩት። ጸጥ!

«አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ምኑን ነው የቆረጥከው?»

«የጄኔሬተሩን ድምፅ ነዋ። ወፍራም ወፍራሙን።»

«ኧረ በስመ አብ! የታመመ ልብም እኮ ያጉረመርማል!»

ፊቱ አመድ መሰለ። «መምህርቷ» አለ። እኔም እሷን ነበር ያሰብኩት። ቫልቯ ጠቦ ከሆነ ምጡን ልቧ አይችለውም። ደወልን፤ ስልኳ ዝግ ነው። ወደ ቢቸና ስንከንፍ፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ የመኪናችን ሾፌር ሊያጽናናን ሞከረ። «የሰው ነፍስ አይለቀምም!» ብዬ ጮህኩበት። ፈርቼ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቤቷን አሳየን። ደጃፏ ላይ ልብስ ታሰጣለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምጡ ገና አልመጣም። እዚያው ቁጭ አድርጌ በተለመደው ማዳመጫዬ አዳመጥኳት። ጉርምርምታው አለ።

«የምትወልጂው ትልቅ ሆስፒታል ነው። ተነሺ፣ አሁኑኑ እንሂድ» አልኳት።

«ትናንት ደህና ነሽ፣ ዛሬ ታመሻል! የትኛውን ልመን?»

መሐንዲሱ ከኋላዬ ወደ ፊት መጣ። «እኔ ሐኪም አይደለሁም» አላት። «ሕመምሽ እንዳይሰማ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። እባክሽ፣ እህቴ።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ የልብሱን ሳፋ ወደ እኔ ገፋችው። «እንግዲያው ዶክተር፣ ይኼን እርስዎ ያስጡልኝ። እኔ ቦርሳዬን ላምጣ።»

ጎንበስ አልኩ። ሳፋው ውስጥ ያሉት ሁሉ የሕፃን ልብሶች ነበሩ።