ቃልኪዳንን ሶለል የወሰድናት ጊዜ

የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ስትወለድ አላለቀሰችም። አዋላጇ ዘቅዝቃ ይዛ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርግላት ቆየች፤ ልጅቱ ዘግይታ አንዲት ቀጭን ድምፅ አወጣች። እኛም ነፍስ እንዳላት ሰምተን እልል አልን። አንገቷ እንደማይጸና፣ እጇ ተቆልምሞ እንደሚቀር፣ ቆማ እንደማትሄድ፣ አፍ እንደማትፈታ ያወቅነው ቀስ በቀስ ነው። ወልድያ ይዘናት የሄድን ጊዜ ሐኪሙ ስትወለድ አየር አጥሯት ጭንቅላቷ ተጎድቷል አለን። ለሚጥላት በሽታ ኪኒን ሰጠን፤ ለሌላው የሚሰጠን አልነበረውም።

እናቷ ብዙነሽ ግራና ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች፤ አባቷ ታደሰ ገበሬ ነው። ስለዚህ ቃልኪዳን የእኔ ጀርባ ላይ አደገች። ፊደል የቆጠርኩትም በእሷ ምክንያት ነው፤ የኪኒኑ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ሳላውቅ አጓጉል እንዳልሰጣት ብዬ፣ በስተርጅና ከጎልማሶች ጋር ተቀምጬ ተማርኩ።

አትናገርም እንጂ ድምፅ ነበራት። ከበሮ ስትሰማ ነው የምታወጣው። ከበሮው ዱም ሲል አፏን ሳትከፍት እምም ትላለች፤ ከበሮው ሲያርፍ እሷም ታርፋለች። ሲርባት አታሰማውም፣ ሲያማትም አታሰማውም። የምትፈልገውን ከዓይኗ አነብ ነበር፤ ደስ ያላት መሆኑን ግን የማውቀው በዚያ ድምፅ ብቻ ነው።

በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ የሰፈራችን ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ ለምለም ሣር አስረው፣ ከበሮ ይዘው በየደጁ ይዞራሉ። ሶለል ይባላል። ደጅ ቆመው የቤቱን ሰው በስሙ እየጠሩ ያሞግሳሉ፤ የቤቱ ሰውም ሳይሸልም አያሰናብታቸውም። ቃልኪዳንን ደፉ ላይ ደግፌ አስቀምጣታለሁ። እነሱ ሲመቱ እሷ እምም ትላለች። ልጆቹም ለምደዋት «ቃልዬ ተቀበለችን» እያሉ ከሌላው ደጅ አስበልጠው ይቆዩልን ነበር።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። በዚያ ዓመት ሶለል የሚል አልነበረም። መንገዱ ተዘጋ፣ ኪኒኑም አለቀ። በሽታው በቀን ደጋግሞ ይጥላት ጀመር። ጫካ ለጫካ ተሸሽገን ከርመን ስንመለስ ለእሷ በእርዳታ ያገኘነው ተሽከርካሪ ወንበር ከቤት የለም፤ ማን እንደወሰደው አላውቅም። ታኅሣሥ ላይ መንገድ ተከፍቶ ኪኒኑ ሲገኝ መውደቁ ቀለለላት። ድምፁ ግን አልተመለሰም። ጀሪካን ገልብጬ እየመታሁ ሞከርኩ። እያንጎራጎርኩ ሞከርኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ዓመቱ ዞሮ የ2014 ነሐሴ ሲመጣ በሰፈራችን ሐዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ከበሮ ያነሳች ልጅ አልነበረችም። ወልድያ ግን በሜዳ ላይ እንደሚከበር፣ ከየቦታው ልጃገረዶች እንደሚሰበሰቡ ሰማሁ። እወስዳታለሁ አልኩ።

«እማ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጅ እኮ ናት። በማን ጀርባ?» አለች ብዙነሽ።

«በአንቺና በእኔ።»

«ያንቺ ጀርባ ራሱ ደጋፊ ይፈልጋል።»

«እንግዲያ ባንቺ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። ታደሰ ከሐምሌ ጀምሮ ሚሊሻ ተጠርቶ ቆቦ በኩል ነበር። «እሱ እዚያ ሆኖ እኛ ጨዋታ ስንሄድ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። እኔም ጨዋታ የምሄደው እኔ እንዳልሆንኩ ነገርኳት። ተነስታ የልጇን ጠጉር ልትሠራ ቅቤ ፈለገች።

ከግራና መርሳ በባጃጅ ወረድን። መርሳ ላይ የሙሄዲንን ሚኒባስ አገኘን። ሙሄዲን ቃልኪዳንን ለሕክምና ስናመላልስ ያወቀን ሰው ነው።

«እማማ ሸዋዬ፣ ሙሽራዋን ወዴት ነው?» አለኝ፤ ጠጉሯን ተሠርታ፣ ዓይኗን ተኩላ አይቷት።

«ሶለል ልትጫወት።»

«እንዲያ ከሆነማ ጋቢና ነው እንጂ። ሙሽራ ከኋላ አትቀመጥም።» ጋቢና የተቀመጠውን ሰውዬ «ወንድሜ፣ ውረድልኝ» አለው።

«እኔስ ቀድሜ ይዤ?»

«አንተን ሶለል የጠራህ የለም። ወደ ኋላ።»

ሰውዬው እያጉረመረመ ወረደ። ልጅቱን ሲያያት ግን አንገቷን ደግፎ አብሮን አስገባት።

ወልድያ ሜዳው ሞልቶ ጠበቀን። ሞንታርቦ ተተክሎ ይጮኻል፤ ልጃገረዶቹ በየቡድናቸው ክብ ሠርተዋል። ግፊያውን ፈርተን ዳር ላይ፣ መንገዱ ጥግ፣ ጋቢዬን አንጥፈን ቃልኪዳንን ጭኔ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ከግራና ያመጣሁትን ሣር ወገቧ ላይ አሰርኩላት።

አንዲት ሴት ስታልፍ ጎንበስ ብላ ቃልኪዳን ጭን ላይ ሳንቲም ጣለች። «ማርያም ትማርልሽ» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ሌላዋ የዳቦ ቁራሽ አስቀመጠች። ከኋላዋ ሌላ ሰው ደግሞ ብር።

ብዙነሽ ተነስታ ዳቦ የሰጠችውን ሴት አቆመቻት። «እትዬ፣ ልጄ ለጨዋታ ነው የመጣችው።»

«ምን አለበት፣ ያዢው፣ እናቴ» አለቻት ሴትዮዋ በርኅራኄ፣ የተባለችውን ሳትሰማ።

«ለማኝ አደረጉን እኮ፣ እማ» አለች ብዙነሽ። «እንሂድ። ተነሺ እንሂድ።»

ሰዎቹ ምን አጠፉ? በበዓል ቀን በሽተኛ ይዞ መንገድ ዳር ጨርቅ ያነጠፈ ሰው ለምጽዋት ካልሆነ ለምን ይቀመጣል? ይህን ሳላስብ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ግን ሳታሰማ አልመልሳትም ብዬ «ተቀመጪ» አልኳት።

ከቡድኖቹ አንዱ በአጠገባችን ሲያልፍ ከበሮ የያዘችውን ጠራኋት። ረዘም ያለች፣ ፊቷ የሚስቅ ልጅ ናት፤ ትዕግስት ይሏታል ጓደኞቿ።

«ለዚች ልጅ ሶለል በሉላት» አልኳት።

«እማማ፣ ደጅ የለዎትም። የማን ደጅ ብለን እንቁም?»

«የቃልኪዳን ደጅ በሉ። ጋቢው ደጇ ነው።»

ተያይተው ሳቁ። «ደጇ ከሆነማ ትሸልመናለቻ» አለች አንዷ።

«ደጅ ያላት ትልቅ ሴት ናት» አለች ትዕግስት፤ ከበሮውን አንገቷ ላይ አስተካክላ መታችው።

ክብ ሠሩልን። ቃልኪዳን እያሉ ስሟን ጠሩ። የዓይኗን ኩል፣ የጠጉሯን ሹሩባ እያነሱ አሞገሷት። በሕይወቷ እንዲህ በብዙ ሰው ፊት ስሟ ተጠርቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ጭኗ ላይ የተጣለውን ሳንቲም አየሁት። የተቆለመሙ ጣቶቿን አንድ በአንድ አቃንቼ ሳንቲሙን አስጨበጥኳትና ክንዷን ይዤ በትዕግስት ነጠላ ላይ ዘንበል አደረግሁት። ሳንቲሙ ተንኮለለ።

«ሸለመችን!» አሉና እልልታውን አቀለጡት። ብዙነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች።

ቃልኪዳን ግን ዝም አለች።

ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ። ትንፋሿ ብቻ ነው። ከሰዎቹ እግር መሀል አሻግራ አንድ ነገር እንደምታይ ዓይኗ ፈዟል። ትዕግስት ገባትና ከበሮውን ዝቅ አድርጋ የልጅቱን መዳፍ ቆዳው ላይ አስቀመጠች። ራሷ በዝግታ መታችላት። ዱም። ዱም። እጇ ከምቱ ጋር እየነጠረ ይመለሳል፤ ድምፅ የለም።

«ትንሽ ቆዩልኝ» አልኩ። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

«እንቆያለን፣ እማማ።»

ድጋሚ ጀመሩ። አሁንም የለም። ልጆቹ ደከሙ፤ አንዷ «ሌላ ቦታም ይጠብቁናል» ስትል ሰማኋት። ሌላ አንድ ጊዜ ልለምን አፌን ስከፍት ከሰሜን በኩል፣ ከሩቅ፣ አንድ ነገር ዱብ አለ።

«ነጎድጓድ ነው» አለ ከኋላዬ የቆመ ሰው። ሰማዩም ደመና ነበረው።

ባንድ ዓመት ግን ሁላችንም መድፍን ለይተን አውቀናል። ነጎድጓድ ሰማይ ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል። ይህ መጥቶ ይቆረጣል። ሁለተኛው መጣ። የትዕግስት እጅ ከበሮው ላይ ቀረ። ሌሎቹም ከበሮዎች አንድ በአንድ ቆሙ። ሞንታርቦውን አጠፉት። ያ ሁሉ ሰው ጭጭ ብሎ ወደ ቆቦ በኩል ዞረ።

ሦስተኛው ዱብ አለ። ከጭኔ ላይ እምም የሚል ድምፅ ተሰማ።

መጀመሪያ ያመንኩት በጆሮዬ ሳይሆን በጭኔ ነው፤ ንዝረቱ ገባኝ። አራተኛው መጣ። እምም። አንገቷን ወደ ድምፁ ለማዞር እየታገለች፣ ፊቷ በርቶ፣ ምራቋ በአገጯ እየወረደ። አንድ ዓመት ሙሉ የለመንኩት ድምፅ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሜዳው ላይ የሚሰማ እሱ ብቻ ነበር።

ሰው ዞሮ አየን። ትዕግስት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እማ፣ ዝም አሰኚያት» አለች ብዙነሽ።

«እንዴት አድርጌ?»

«አባቷ እኮ ነው እዚያ ያለው። እማ፣ አባቷ እኮ ነው።»

የልጇን አፍ በመዳፏ ከደነችው። ድምፁ ከመዳፏ ሥር ወጣ፤ አፏ መች ተከፍቶ ያውቃል። ከዚያ እጇን እንደተቃጠለ ሰው አነሳችና መዳፏን አየችው። «እየሳቀች ነው» አለች።

ሰዉ መሮጥ ጀመረ። ልጃገረዶቹ ሣራቸውን ከወገባቸው እየበጠሱ ተበተኑ። ትዕግስት ከበሮዋን አዝላ «እማማ፣ ተነሱ» እያለች በብዙነሽ ጀርባ ላይ ልጅቱን አሳዘለችን፤ ከዚያ ጓደኞቿን ተከትላ ጠፋች።

መናኸሪያው መግቢያ ሙሄዲን ሲጮኽ አገኘነው። «እማማ ሸዋዬ፣ በዚህ! አብሽሩ፣ ቦታ አለ!» ቦታ አልነበረም። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ እኛም ገባን። ቃልኪዳን ጭኔ ላይ ሆና፣ ከኋላችን አንድ ዱብ ባለ ቁጥር ትመልስለታለች። እምም።

«ምን ሆና ነው የምትዘፍነው?» አለች አንዲት ሴት፤ ራሷም ታለቅስ ነበር። «ዝም አሰኟት፣ በማርያም። የኔም ልጅ እዚያ ነው።»

ሙሄዲን ከመሪው ሳይዞር «ከበሮ መስሏት ነው፣ እቴ» አለ። «እሷን ተያት። ከቻልሽ ያኛውን ዝም አሰኚው።»

ሲሪንቃን ስናልፍ ድምፁ እየሳሳ መጣ። ቃልኪዳንም እየሳሳች መጣች፤ አንዱን ሰምታ ሌላውን ታጣዋለች። መርሳ ልንደርስ ስንል ጠፋ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ራቅን» አለ ሙሄዲን። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተነፈሰ፤ ያቺ ሴትም አማተበች። ቃልኪዳን ጭንቅላቷን እንደምንም ወደ ኋላ ጥላ ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ ብርሃኑ ገና አልጠፋም።

ታደሰን አሰብኩ። የሴትዮዋን ልጅ አሰብኩ። አስቤም ጆሮዬ ከመኪናው ኋላ ቀርቶ ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ብቻ፣ ደግሞ እንዲመታ ይጠብቃል። ቀና ስል ብዙነሽ ታየኛለች። የምጠብቀውን ያወቀችብኝ መሰለኝ። ልጇን ከጭኔ አንስታ ታቀፈቻትና ፊቷን ወደ መርሳ አዞረችው።