የሬዲዮኔ ቀይ መብራት የጠፋ ሰሞን

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። እኔ፤ ባለቤቴ ብርቄ፤ ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራው ልጄ ራሄል፤ ጎሮ ላይ ሬዲዮ የሚጠግነው ተካ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። የምጽፈው ስላፈርኩበት ነው። ያፈረ አባት ዝም ካለ ልጆቹም መደበቅን ይማራሉ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለኝ የጃፓን ሬዲዮ አለኝ። ጣቢያው በስቴሪዮ ሲገባ፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ የተለያየ ድምፅ ሲልክ፣ ፊቱ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ይበራል። ቤተሰብ እንዳልረብሽ የማዳምጠው በሄድፎን ነው። አንድ ቀን መብራቱ አልበራ አለ።

ጥገና የተማርኩት ከመጽሐፍና ከራሴ ስህተት ነው። ክዳኑን ፈታሁ። መገናኛ ሄጄ አምፖል ገዝቼ በየድኩ። የአንቴናውን ሽቦ አስረዘምኩ። አልበራም።

የሚገርመው፣ ድምፁ ከበፊቱ በልጦ ነበር። በፊት ድራማው ላይ የሴትየዋ ድምፅ እየጠፋብኝ፣ "ይሄ ሰውዬ ብቻውን ነው እንዴ የሚጨቃጨቀው?" እያልኩ ራሄልን እጠይቃት ነበር። አሁን ሁለቱንም እሰማለሁ።

"አየሽ የእኔን እጅ!" ብዬ ብርቄ ላይ ጎረርኩ።

"መብራቱስ?" አለችኝ።

ጥፋተኛ ፈለግሁ። ሬዲዮኑን የምትወለውለው ራሄል ናት።

"ምኑን ነካካሽው?"

"አልተበላሸም እኮ አባዬ፣ እኔ..."

"ዋሾ አላሳደግሁም!" ብዬ አቋረጥኳት። ሁለት ቀን ከእኔ ጋር ለእራት አልቀረበችም።

ቅዳሜ ግን ሬዲዮኑን ተሸክማልኝ ተካ ዘንድ ሄድን። ተካ መፍቻ እንኳ አላነሳም። አንዲት ቀጭን ቁልፍ ጫን አደረገ፤ መብራቱ ቦግ አለ።

"ጋሼ፣ ሞኖ ላይ አድርገውት ነው እኮ! የግራውና የቀኙ ድምፅ ተደባልቆ በሁለቱም ጆሮ እኩል ሲመጣ መብራቱ ይጠፋል።"

ያችን ቁልፍ በዕድሜዬ ነክቻት አላውቅም። ዞሬ ራሄልን አየኋት።

"እኔ ነኝ" አለች አንገቷን ደፍታ። "የሴትየዋ ድምፅ የሚመጣው በግራ በኩል ነው። ግራ ጆሮህ አይሰማም፣ አባዬ። ብነግርህ ትቆጣለህ ብዬ ነው።"

ተካ ጀርባውን ሰጥቶን ሽቦ የሚፈልግ መሰለ።

ዓመት ሙሉ ከቤተሰቤ የደበቅሁትን የጆሮዬን ድካም ልጄ ታውቀው ኖሯል። እዚያው ቆሜ "ይቅር በይኝ" አልኳት። ይህን ቃል ለልጅ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

"ኧረ አባዬ፣ ሰው አለ!" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እየሳቀች።

ዛሬ የማዳምጠው መብራቱ እንደጠፋ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ልጄ ትዝ ትለኛለች፣ ደስም ይለኛል። ልጁን ዋሾ የሚል አባት ግን አስቀድሞ እሱ ራሱ የሸሸገውን ይፈትሽ እላለሁ።

ተካ "ቁልፍ ለመጫንማ ገንዘብ አልቀበልም" አለ። እኔ ለአምፖል መቶ ሃምሳ ብር፣ ራሄል ለታክሲ አራት መቶ ሃምሳ፣ ብርቄ ደግሞ ለጆሮዬ ምርመራ ከዕቁቧ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አወጣን። በጠቅላላው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር።