በእርጥብ ፎጣ የመጣው ሥዕል

ፎጣው ውሃ ያንጠባጥባል። ጎረቤቴ የሆኑት ሴትዮ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ገብተው የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያሳርፉት ብድግ አልኩ።

«እንዳያስቸግርሽ ብዬ አርጥቤ አመጣሁልሽ፣ ልጄ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ሶማሌ ቢሆኑም ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። «እንጨት ሆኖ አልዘረጋ አለኝ። ደረቅ ቆዳስ ካልራሰ መቼ ይዘረጋል?»

ለቆዳ ቢሆን ትክክል ናቸው። ይሄ ግን ፓፒረስ ነው፤ ውሃ ዳር ከሚበቅል ተክል ግንድ በስሱ ተልጦ፣ ልጡ ተደራርቦ ተጠፍጥፎ የተሠራ። ሲደርቅ ይሰበራል፣ ሲርስ ልጡ ይላቀቃል፤ ላዩ ላይ ያለው የውሃ ቀለም ደግሞ ያገኘው ላይ ይጣበቃል።

ባለቤቴ ሀርጌሳ የተመደበ የአየር መንገድ ሠራተኛ ነበር። ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት ባለመስኮት በረንዳ ላይ እኔ የአባቴን ሙያ ይዤ ፍሬም እሠራለሁ። ያኔ ከጦርነቱ በኋላ ሀርጌሳ ፍርስራሹን እየጠረገ ቤት የማይሠራ ሰው አልነበረም፤ አዲስ ግድግዳ ሁሉ የሚሰቀል ነገር ይፈልጋል። የቁርኣን አንቀጽ፣ ዲፕሎማ፣ የሠርግ ፎቶ ይመጣልኛል። በር የሚያህል ፓፒረስ ግን መጥቶልኝ አያውቅም።

የጎረቤቴ እናት በጦርነቱ ሲሸሹ መንገድ ላይ ነው የሞቱት። ፎቶዎቹ ከቤቱ ጋር ተቃጠሉ። ካይሮ የነበረው ሠዓሊ ወንድማቸው እናቱን ስሎ፣ ሳይልከው እሱም ሞተ፤ ጥቅሉን መንገደኛ ነው ያደረሰላቸው።

«ፊቷ ከዓይኔ ጠፍቷል» አሉኝ። «ወንድሜ ግን አይረሳትም። ወላሂ፣ አይረሳትም።»

ነገ ይምጡ እንዳልላቸው፣ ተጠቅልሎ ከደረቀ ቀለሙ አንዴ ተጣብቆ ይቀራል። ነፋሱ እንዳያደርቅብኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ የምፈራው ለሰው እናት ነበር። ጫፉን በስስ ቢላ አንስቼ ቀስ እያልኩ መዘርጋት ጀመርኩ። በተፈታ ቁጥር ቀለም ሲላቀቅ ቸስ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ያቺን ድምፅ ዛሬም እጠላታለሁ። እሳቸው ከኋላዬ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ይላሉ።

ሻሹ ታየ፤ ከዚያ ግንባሩ። ቅንድቡ ላይ ስደርስ አንድ መስመር ሰንጥቆት አየሁ።

«ገደልኳት!» ብዬ ጮህኩ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ስንጥቅ አይደለም። በቡናማ ቀለም የተሳለ ጠባሳ ነው። እፎይ ብዬ ዞር ስል እሳቸው ጣታቸውን ቅንድባቸው ላይ አድርገዋል። እዚያው ቦታ፣ ያው ጠባሳ።

«እናቴ ጠባሳ አልነበራትም» አሉ። «እኔን ነው የሳለው። እሱም ረስቷታል።»

ሥዕሉ ግን ገና እርጥብ ነው፤ መተው አይቻልም። ቀለሙ እንዳይነሣ የማይጣበቅ ስስ ጨርቅ አልብሼ፣ ውሃ መጣጭ ወረቀትና ጣውላ ጫንኩበት። ሲደርቅም በሙጫ አልለጠፍኩትም፤ የላይኛውን ጠርዝ ብቻ በስስ ወረቀትና በዱቄት ማጣበቂያ አንጠልጥዬ፣ መስታወቱ እንዳይነካው ዙሪያውን ቀጭን እንጨት አስገባሁ።

ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ወደ ሠሩት አዲስ ቤት ወስጄ ሰቀልኩት። ከጦርነቱ በኋላ የተወለደችው ሴት ልጃቸው ሥዕሉ ፊት ቆማ ቀረች። ከዚያ በሶማሊኛ ጠየቀቻቸው፤ ያን ያህል እሰማለሁ።

«አያቴም ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ነበራት?»

እናትየው መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። እንዲያ የፈራ ሰው ዓይን አይቼ አላውቅም።

«ነበራት» አሉ።

መዶሻዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ዝም አልኩ።