ስሜ በሬዲዮ የተጠራበት ቅዳሜ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሜሮን ዳላስ አጠገብ ካለችው ፕሌኖ ኮል አደረገችልኝ። ሥራዋ ከኮምፒውተር ጋር ነው፤ ነፍሷ ግን ሙዚቃ ናት። «ማሚ፣ አንድ ነገር ልኬልሻለሁ፣ እዪው እስቲ። ሶ፣ ዘፋኟ በአማርኛ ነው የምትዘፍነው፤ ዳላስ ነው የተሠራው። ማን እንደሆነች ግን ማንም አያውቅም» አለችኝ።

መነጽሬን ፈልጌ ከፈትኩት። ሀውስ ስለሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ታሪክ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። ሺካጎ፣ ኒውዮርክ፣ ዲትሮይት እያለ ይወርድና መጨረሻው ላይ ስለ ቴክሳስ ሁለት አጫጭር አንቀጾች አሉት። ከሥራቸው የሺካጎ ሲባል ኖሮ የዳላስ መሆኑ በቅርቡ የታወቀ የአንድ ሸክላ ፎቶ ተለጥፏል። ሸክላው መሐል ባለችው ነጭ ክብ ወረቀት ላይ ርእሱና የሠሪው ቅጽል ስም በእጅ ተጽፈዋል፤ ከዚያ በታች ያለው ስም በጥቁር ቀለም ተሰርዟል። «የዘፋኟን ስም ማን እንደሰረዘውና ለምን እንደሰረዘው አይታወቅም» ይላል ጸሐፊው።

የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከሱዳን ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምኖረው ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ይስሐቅ ቤት ነበር። ጋሼ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል። ስፖንሰር ሆነው ያስመጡኝም እሳቸው ናቸው፤ እንደ አባት እፈራቸዋለሁ። በሳምንቱ ታክሲ ይነዳሉ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ከመዘምራኑ አንዷ ነበርኩ። አንድ ዘማሪት ዘፈን ዘፍና ብትገኝ ምን እንደሚደርስባት አውቅ ነበር፤ ከመዘምራን መውጣቱ ቀላሉ ነው። ጋሼ ከቤት ቢያስወጡኝ በዚህ አገር ሌላ የማንኳኳው በር አልነበረኝም።

የአፓርትመንቱ የጥገና ሠራተኛ ክላረንስ ይባላል። ዳላስ ተወልዶ ያደገ፣ ረጅምና ዝግ ብሎ የሚናገር ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በሥራ ቀን ኤርኮንዲሽነር ይጠግናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ያገለገለ ዕቃ ቤት ያገኛት ከበሮ የምትመታ ማሽን ላይ ተደፍቶ ይውላል። እኩል እኩል የሚረግጠው ምት ግድግዳችንን ያንኳኳ ነበር። አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሳንጎራጉር ሰማኝና በሩ ላይ ቆመ። «እስቲ እሱን ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩለት። በሌላው ቅዳሜ ሚስቱ ዶረቲ ካትፊሽ የሚሉትን ዓሣ እየጠበሰች፣ ቤቱ በዘይት ሽታ ታፍኖ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ቆምኩ። ወደ ሱዳን ድንበሩን ስሻገር ለራሴ ስለው የነበረውን «አይዞሽ፣ ይነጋል» ደጋግሜ ዘፈንኩት። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወጥቼ ደረጃውን ስወርድ ግን የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ አየሁ።

ጸደይ ገባ። በዚህ አገር ጸደይ ሲገባ የሜዳው ሰማያዊ አበባና የሰማዩ ቁጣ አብረው ይመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ጋር ወደ መዝሙር ጥናት ስንሄድ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ጥቁረቱ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ገባበት።

«ይሄ ሰማይ አላማረኝም። እስቲ ስለ አየሩ ምን እንደሚሉ እንስማ» አሉና ሬዲዮኑን ከፍተው ጣቢያ መፈለግ ጀመሩ።

ያ ምት መጣ። እጃቸው ሊያልፈው ሲል የእኔ ድምፅ ወጣ። እጃቸው እዚያው ቀረ።

«አማርኛ ነው እንዴ?»

«እንጃ፣ ጋሼ።» በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ሙዚቃው አያልቅም፤ ድምፄ እየተመላለሰ አይዞሽ ይላል። ደግሞ ማንን ነው አይዞሽ የሚለው!

በመጨረሻ አስተዋዋቂው ገባ። «ወገኖቼ፣ ይሄ ከሺካጎ የመጣ አይደለም! የገዛ ከተማችን፣ የዳላስ ልጅ ክላረንስ የሠራው ነው። የምትዘፍነው ደግሞ...»

ጋሼ ሬዲዮኑን ድርግም አደረጉት።

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አገር ቤት የተገደሉ ሰዎች ስም በሬዲዮ ሲነበብ ሰው ትንፋሹን ይውጥ ነበር። ከጋሼ ቀጥሎ የተወለደው ወንድማችን ዳንኤል መገደሉን የሰማነው ለምሳ እንደተቀመጥን፣ ከሌሎች ስሞች መሐል ሲጠራ ነው። እናቴ ጉርሻውን ከአፏ አውጥታ ትሪው ላይ መለሰችው።

በረዶ መውረድ ጀመረ፤ የመኪናውን ጣራ እንደ ድንጋይ ይደበድበዋል። ጋሼ ድልድይ ሥር ገብተው ፓርክ አደረጉ። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው በረዶው መሬት ላይ ሲፈናጠር ያያሉ። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር። በረዶው ሲያባራ ያለ አንድ ቃል ወደ ጥናቱ ወሰዱኝ፤ እዚያም ከሁሉ ኋላ ቆሜ አፌን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ጀመር። ስሜ ተጠርቶ ይሆን? ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሰምቶ ይሆን? ረቡዕ ከሰዓት የክላረንስን በር አንኳኳሁ። ፊቱ በርቶ ከፈተልኝ።

«ሰማሽው? ሁለት ጊዜ ነው ስምሽን የጠራው!»

አንዱን ሸክላ ለሬዲዮ ጣቢያው ሰጥቶት ኖሯል፤ የቀሩት ሳሎኑ ውስጥ በካርቶን ተደርድረው ነበር፤ ሁሉም ላይ «ጽጌ» ብሎ በላቲን ፊደል በእጁ ጽፎባቸዋል።

«አጥፋው» አልኩት እያለቀስኩ። «ስሜን ከሁሉም ላይ አጥፋው።»

አንዱን ሸክላ አንሥቶ ስሙን አየው። «የዚህን ከተማ ነገር ማንም አይጽፈውም፣ ጽጌ። እኛ ራሳችን ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?»

«እባክህ፣ ክላረንስ።»

ጥቁር ማርከር ሰጠኝ፤ አንድ ደግሞ ለራሱ ያዘ። ጀንበሯ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ሰረዝን። እኔ በፍጥነት እሰርዛለሁ፤ እሱ እያንዳንዷን ቀስ ብሎ።

በኋላ ሸክላዎቹን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ጭኖ ሺካጎ ሄደ። ዲጄዎቹ ወደዱለት። ከዳላስ ነኝ ሲላቸው ግን «ከካውቦይና ከከብት ሌላ ምን አላችሁ?» ብለው ሳቁበት። ብዙም ሳይቆይ ሸክላው እዚያው እንደተሠራ ተቆጠረ። ክላረንስ ተመልሶ ኤርኮንዲሽነሩን ጠገነ፤ እስኪሞት ድረስም ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑን አልተወም። እኔ ነርስ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም።

ፎቶውን ካየሁ በኋላ ሁለት ቀን እህል አልወርድልኝ አለ። በሦስተኛው ቀን ግሬፕቫይን ወደምትባል ጎረቤት ከተማ፣ ጋሼ ከልጃቸው ጋር ወደሚኖሩበት ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ድምፅሽንማ ወዲያው ነው ያወቅሁት» አሉ። «ስንት ዓመት ስትዘምሪ የሰማሁሽ ልጅ!»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«ልቆጣ ነበር። ሰውየው ስም ሊጠራ መሆኑን ስሰማ ግን ዳንኤል ትዝ አለኝ። የእናቴ ልጅ ስም ከሬዲዮ ሲወጣ ሁለተኛ መስማት አልቻልኩም። ስለ ዘፈኑ መቆጣቱን እዚያው ረሳሁት።» ጥቂት ቆይተው «ደውይለት ለዚያ ጽሑፉን ለጻፈው ልጅ» አሉኝ።

እሳቸው ፊት ለጸሐፊው ደወልኩ። መጀመሪያ የክላረንስን ሙሉ ስም፣ ሥራውንና ሰፈሩን ነገርኩት። እየጻፈ ቆየና «ዘፋኟንስ ያውቋታል?» አለኝ። ጋሼን አየኋቸው፤ ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። ስሜን ከነአባቴ ፊደል በፊደል ነገርኩት።

ጽሑፉ አሁን ታርሟል። ክላረንስ በመረሳቱ ሺካጎን ለብቻዋ መውቀስ ግን አልሆነልኝም። ስሜ ሸክላው ላይ ቢኖር ኖሮ፣ አንዱ «ይህቺ ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ዳላስ ደርሶ ክላረንስን በሕይወት እያለ ሳያገኘው አይቀርም ነበር። ፍርሃቴ የራሴን ስም ብቻ የወሰደ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የእሱንም ወስዶ ኖሯል። ዶረቲ ዛሬም ፎርትወርዝ እንዳለች ሰው ነግሮኝ ቁጥሯን አግኝቻለሁ። ነገ እደውልላታለሁ። ምን እንደምትለኝ አላውቅም።